ለለቅሶ ቤት የገዛሁት ምስር እና የአውሮፕላን ትኬቴ

ባንኩ ትኬቴን የከለከለኝ ለለቅሶ ቤት ምስር በመግዛቴ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ነገሩ ሲነሳ አንዱ «ሳይገባት ቀርቶ ነው» ይላል፤ ሌላው «ተጭበርብራ ነው» ይላል፤ የቅርብ ዘመዶቼ ደግሞ «እሷ መጣላት ትወዳለች» ይላሉ። አንዱም ልክ አይደለም። በደንብ ገብቶኛል፣ ያጭበረበረኝ ሌባም የለም፣ መጣላትም አልወድም። አድርጊ የተባልኩትን አድርጌ ትኬቱ እጄ ሊገባ ሲል ተነጠቅሁ። የማንንም ስም አልጠራም፤ የባንኩንም አልጠራም። በደሉ ግን እንደተፈጸመ ይመዝገብልኝ።

ነገሩ የጀመረው የመጨረሻዋ ልጄ ማርገዟን ስትነግረኝ ነው። አሶሳ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ለእሷ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ የባሏ እናት በሕይወት የሉም። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትወልድ እናቷ ሄዳ ታርሳታለች። ገንፎዋን ታገነፋለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች፣ ጠያቂ ሲበዛባት ደግሞ በር ላይ ቆማ «ተኝታለች» ብላ ትመልሳለች። ታላላቆቿን እዚሁ አቃቂ፣ በገዛ ቤቴ አርሻቸዋለሁ። ለእነሱ ያደረግሁትን እሷ ላይ ላስቀር አልፈለግሁም።

አሶሳ ግን እንደ ሳሪስ ተነስተው የሚደርሱበት አይደለም። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ቢከፈትም ያን ሁሉ መንገድ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ የሚነሳ ዳሌ የለኝም። የቀረኝ አውሮፕላን ነው፤ የአውሮፕላን ዋጋ ደግሞ በፋብሪካ ጡረታ የሚነካ አይደለም። ልጄ «እማዬ፣ እኔ እልክልሻለሁ» አለችኝ።

«ከምትወልድ ልጅ ገንዘብ ተቀብዬ ነው የማርስሽ?» አልኳት። «ለልጅሽ ልብስ ግዢበት።»

ይህን እያብሰለሰልኩ ሳለሁ ነው ቃሊቲ ታክሲ ተራው አጠገብ አንድ ባንክ ትልቅ ዣንጥላ ተክሎ፣ ድምፅ ማጉያ አቁሞ ያገኘሁት። የከባድ መኪናው ጡሩምባ ድምፅ ማጉያውን ስለሚውጠው፣ ቲሸርት የለበሱት ልጆች ሰዉን እጁን ይዘው ነበር የሚያስቆሙት።

«ማዘር፣ ካርድ ያውጡ፣ በነጻ ይብረሩ!» አለችኝ አንዷ።

«ወዴት ነው የምበረው?»

«ወደፈለጉበት! ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ አሶሳ…»

«አሶሳ አልሽ?»

«አሶሳም አለ፣ ማዘር።»

«በነጻ የሚባል ነገር በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም። ዘዴው ምንድን ነው? እሱን ንገሪኝ።»

«ምንም ዘዴ የለውም። በካርዱ ዕቃ ሲገዙ ነጥብ ይጠራቀምልዎታል። ነጥቡ ሲሞላ የደርሶ መልስ ትኬት ይሰጥዎታል። በቃ።»

መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠኋት።

ዘዴ ነበረው። ነጥቡ የሚቆጠረው በትልልቅ ሆቴሎች ሲከፈልበት ብቻ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ሱፐርማርኬት ገብቼ ሳሙናና ዱቄት ከገዛሁበት በኋላ አንድም ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው። ተመልሼ ዣንጥላው ሥር ሄድኩ። «ታዲያ ሆቴል ገብተው ምሳ ይብሉበታ!» አለችኝ ልጅቷ፤ ያሾፈች እንኳ አልመሰለኝም። እኔ ምሳዬን ቤቴ ነው የምበላው። ለካርዱ የተቆረጠብኝ ገንዘብም አልተመለሰልኝም።

አንዱ ባንክ እንዲህ ያለ ነገር ካመጣ ሌላውም ማምጣቱ አይቀርም ብዬ ሳሪስ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። አለ ተባልኩ። ሁለተኛ ካርድ አወጣሁ። የዚህኛው ነጥብ ደግሞ ደመወዙ በዚያ ባንክ ለሚገባለት ሰው ብቻ ሆነ። ጡረታዬን ወደዚያ ላዛውር ብል መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ጡረታ አይቆጠርም» አለኝ።

«ጡረታ የቆየ ደመወዝ አይደለም እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፣ እማማ።»

ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ በየመስኮቱ ሰምቻታለሁ። ያወጣውን ሰው ግን የትኛውም መስኮት ላይ አላገኘሁትም።

ለሦስተኛው ካርድ ተጠንቅቄ ሄድኩ። ቅርንጫፉ ለሰፈሬ ቅርብ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ በማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ወረቀት ማንበብ አያቅተኝም። ጽሑፉ ግን ጉንዳን የሄደበት ይመስል ደቃቃ ስለሆነ ሠራተኛዋ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርምም ሁለተኛ አስነበብኳት። ሆቴል የሚል የለውም፣ ደመወዝ የሚል የለውም። ፖስ ማሽን ባለበት ሱቅ ሁሉ ነጥብ ይቆጠራል ይላል። የሰፈራችን የሸማቾች ሱቅ ደግሞ ማሽኑ አለው። ፈረምኩ።

ከአጥሬ ማዶ የምትኖር የዕድሜ እኩያዬ አለች። የእነሱ ቤተሰብ ከፋብሪካዎቹ በፊት እዚህ ያርስ ነበር፤ የአባቷ የጤፍ ማሳ ዛሬ የብረት መጋዘን ቆሞበታል። ምላሷ አይቻልም። ሦስተኛውን ካርድ ሳሳያት ሳቋ መንገድ ላይ ተሰማ።

«ከማተብሽ ጋር አንገትሽ ላይ እሰሪያቸው እንጂ! ሰው ምን ማኅበር ገባች ይበል።»

«ሳቂ። አሶሳ ደርሼ ስመጣ እንነጋገራለን።»

«አንድ ኪሎ ስኳር እየገዛሽ ነው አሶሳ የምትደርሺው? ያቺ ልጅ ወልዳ፣ ልጇ አግብቶ፣ አንቺ ገና ነጥብ ትለቅሚያለሽ።» ከዚያ አሰብ አደረገችና «ነይ» አለችኝ። «የእኔን ዘይት በአንቺ ካርድ ግዢው። ገንዘቡን እኔ ልስጥሽ። ነጥቡን እኔ ምን አደርገዋለሁ?»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም። አንዷ ገበያ ስትወጣ ለአምስት ቤት ትገዛለች፤ ድሮም እንዲሁ ነበርን። አሁን ግን ሁሉም «በእሷ ካርድ ይሁን» ማለት ጀመሩ። የልጄን ማርገዝ ያልሰማ ስላልነበረ፣ ሳሙና የሚገዛው ጡረተኛ ወታደር እንኳ «ለአሶሳዋ አራስ ይሁን» እያለ ብሩን በሬ ላይ ሰጥቶኝ ይሄድ ነበር። ብሩን እዚያው ባንክ አስገባለሁ፣ በካርዱ እገዛለሁ፣ ስልኬ ላይ ነጥቡ ይመጣል።

እኔ ደግሞ የሴቶች እድራችን ገዢ ነኝ። ሰው ሲሞት ለለቅሶ ቤት የሚያስፈልገውን ሸመታ የምገዛው እኔ ነኝ። የእድሩን ዕቃ በካርዴ ከመግዛቴ በፊት ግን ስብሰባ ላይ ተነስቼ በግልጽ ተናገርኩ። «ገንዘቡ የእድሩ ነው፤ ነጥቡ ግን በእኔ ስም ነው የሚገባው። ይህ ትክክል አይደለም የሚል ካለ ዛሬ ይናገር፤ ነገ ከኋላዬ እንዳልሰማ።»

የእድሩ ሊቀ መንበር መነጽራቸውን አውልቀው «እድሩ አውሮፕላን የሚሳፈርበት ጉዳይ አለው?» ብለው ቤቱን ጠየቁ። ሁሉም ሳቀ። አንዲት ከኋላ የተቀመጠች «አራስ ልትጠይቂ አይደል? ሂጂበት!» አለች። እጅ ወጣ፣ አለቀ። ከማንም የሰረቅሁት የለም ለማለት ነው ይህን የምጽፈው።

ልጄ ወሯ ሊገባ ሲቃረብ በሰፈራችን የታወቁ አንድ አባት አረፉ። የፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ፤ የማያውቃቸው የለም። ከኮዬ ፈጬ ሳይቀር ወደዚያ የተዛወሩት የድሮ ጎረቤቶቻችን በአውቶቡስ እየተጫኑ መጡ። ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ዋለ። እኔ ምስሩን በኩንታል፣ ዘይቱን በጀሪካን፣ ስኳሩን፣ ሩዙን፣ ውሃውን ገዛሁ። የሸማቾቹ ሱቅ ልጅ ማሽኑን ይዞ እየተከተለኝ «እማማ፣ ዛሬ ካርዱ ይቀልጣል» እያለ ይቀልዳል። እኔ ለሟች አልቅሼ ስልኬን ሳወጣ መልእክት አገኘሁ። «እንኳን ደስ አለዎት! ለአገር ውስጥ ደርሶ መልስ ትኬት የሚያበቃ ነጥብ አሟልተዋል» ይላል። ለቅሶ ቤት ሆኖ ደስ ማለት ነውር ስለሆነ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝ አደረግሁ።

ለልጄ ደወልኩላት። «መጣሁልሽ» አልኳት።

በማግስቱ ሌላ መልእክት መጣ። ነጥቤ «ከደንቡ ውጭ በሆነ አጠቃቀም» ምክንያት ተሰርዟል ይላል። ካርዱም ታግዷል።

ነጠላዬን ሳላስተካክል ቅርንጫፉ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ወንበር ስቦልኛል። ኮምፒዩተሩን አየና «እማማ፣ ሱቅ አለዎት?» አለኝ።

«የለኝም።»

«ምግብ ቤትስ?»

«የለኝም አልኩህ እኮ፣ ልጄ።»

«ቤትዎ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ምስር ማን በላው?»

«ሰፈሩ በላው። ለቅሶ ነበረን።»

ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አደረገ። «እሱ ነው ችግሩ። ደንቡ ካርዱ ለግል ወጪ ብቻ ነው ይላል። ይህ የእርስዎ የግል ወጪ አይደለም።»

«ጎረቤቴ ሞተ። አልቃሹን ማብላት የእኔ ካልሆነ የማን ነው?»

«የእድሩ ነዋ።»

«እድሩ ማን ነው? እኔ አይደለሁም? ስንተኛ ሰው ሲጨመርበት ነው ወጪው የእኔ መሆኑ የሚቀረው?»

ዐይኑን ወደ ኮምፒዩተሩ መለሰ። «እኔ አይደለሁም ያወጣሁት» አለኝ።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ የጥጥ ማበጠሪያው ክፍል አቧራ ስለነበረው ለሠራተኛው በየቀኑ ወተት ይሰጥ ነበር። አንድ አዲስ ኃላፊ መጥቶ «ወተቱን ራሳችሁ አትጠጡትም፤ እየደበቃችሁ ለልጆቻችሁ ትወስዳላችሁ፤ ስለዚህ ይቁም» አለ። ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ተነስቼ «ወተቱ የተሰጠን ስለ አቧራው ነው። አቧራውን እኛ ከዋጥነው፣ ወተቱን ማንም ይጠጣው ምን አገባህ?» አልኩት። ወተቱ ተመለሰልን። ያን ጊዜ ግን ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ነበር። ሰውየው ይቆጣል፣ ያፍራል፣ ሐሳቡን ይቀይራል። ይህኛው «ሲስተም» የሚባል ነገር ነው፤ ማን ላይ ትጮሂያለሽ?

ስልክ ደውዪ ተባልኩ፤ ደወልኩ። ይህን ይጫኑ፣ ያንን ይጫኑ፣ ሙዚቃ ይስሙ። በመጨረሻ የምትመጣው ልጅ ጥያቄዬን በትሕትና ትሰማና «ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል፣ በትዕግሥት ይጠብቁን» ትላለች። በሌላ ቀን ስደውል ሌላ ልጅ ናት፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ስለ ምስሩ ስነግራት «ምስር ነው ያሉኝ?» ትላለች። አንዷማ ሳቋን መያዝ አቅቷት ስልኩ ተዘጋ።

ጎረቤቴ ነገሩን ስትሰማ «ገንዘብ እናዋጣ» አለች። ለሰፈሩ ለመንገር ነጠላዋን ይዛ ልትወጣ ስትል በር ላይ ያዝኳት።

«አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው? ልጅቷ ልትወልድ ነው!»

«አንዴ ሰጥታችሁኛል። ባንኩ የወሰደውን እናንተ ለምን ደግማችሁ ትከፍላላችሁ? እኔ የምጠይቀው የተሰጠኝን ነው።»

«ግትር ነሽ! በሬ ብትሆኚ አባቴ ይሸጥሽ ነበር።»

«ይሽጠኝ። አይሆንም።»

እኔና እሷ በዚህ ቀኑን ሙሉ ተኮራረፍን። ማታ ግን በአጥሩ ላይ ጎመን አቀበለችኝ።

ልጄ የወለደች ዕለት ቅርንጫፉ ውስጥ ወረፋ ላይ ተቀምጬ ነበር። ምጡ ከተጠበቀው ቀድሞ መጣ። ስልኬ ሲጮህ ዘበኛው «ውጭ ወጥተው ያናግሩ» አለኝ፤ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሲኖትራክ እያጓራ ያልፋል፤ አንድ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የልጄን ድምፅ የሰማሁት።

«እማዬ፣ ሴት ናት።»

«እሰይ! እልል! አንቺስ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ደክሞኛል።»

«ገንፎ ማን አገነፋልሽ?»

«አብራኝ የምትሠራ ልጅ። ጎረቤቴ ናት።»

«ቅቤው ንጹሕ ነው? አጥሚት ጠጣሽ? ወገብሽን ማን አሰረልሽ?»

«እማዬ፣ ሁሉም ተደርጓል። አታስቢ። ተይው አሁን ባንኩን።»

ተይው ስትለኝ ነው የከፋኝ። ያቺን የማላውቃትን ልጅ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ግን የእኔን ቦታ ነው የያዘችው። ወረፋዬ አልፎ ነበር፤ እንደገና ቁጥር ቆረጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ የክርስትናዋ ቀን ሆነ። መታረሱ አለፈ፤ ክርስትናዋ ግን ገና ነው፤ ቢያንስ ለዚያ ልድረስ አልኩ። የልጅ ልጄን እስከዛሬ የማውቃት በስልክ ነው። ዐይኗን ስትከፍት ምስሉ ይቆማል፤ ሲመለስ ተኝታለች።

ቅርንጫፉ ከአቅማችን በላይ ነው ስላለኝ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ለመሄድ ወሰንኩ። ጎረቤቴም «ብቻሽን አትሄጂም፤ ሰው ትመቻለሽ» ብላ ተከተለችኝ። ከቃሊቲ ባቡር ተሳፈርን፤ ተጨናንቆ ስለነበር ሁለታችንም አንዱን ብረት ይዘን ቆምን። ሕንፃው ሁሉ መስታወት ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ቀጠሮ አላችሁ?» አለን።

«ቀጠሮ የሰጧት እነሱ ናቸው» አለች ጎረቤቴ ከእኔ ቀድማ። «ነጻ ይብረሩ ብለዋታል፤ ልትበር ነው የመጣችው።»

ጥበቃው ሳቀና ስልክ አነሳ። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተን ብዙ ከተቀመጥን በኋላ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ናት የተባለች ሴት አስገባችን። ጎልማሳ ናት፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ውሃ አስቀረበችልን። እኔም ከዣንጥላው ጀምሬ እስከ ለቅሶ ቤቱ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ኮምፒዩተሯን አይታ፣ መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጥያቄዬ አንድ ነው» አልኳት። «አጥፍቼ ከሆነ ጥፋቴን ንገሪኝና ልሂድ። ካላጠፋሁ ግን ትኬቴን ስጪኝ። የልጅ ልጄ ክርስትና ደርሷል።»

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«እሱን ፍለጋ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት።»

«አላጠፉም። ነጥቡን ስናወጣ አንድ ሰው ለራሱ እየገዛ ትኬት እስኪሞላለት ዓመታት ይፈጅበታል ብለን ነው ያሰብነው። እስከዚያ ደግሞ ማስታወቂያው ራሱ ጊዜው ያልፍበታል። እርስዎ በጥቂት ወራት ሞሉት፤ ሲስተሙ ደነገጠ።»

«ሲስተሙ ነው የደነገጠው ወይስ እናንተ?»

ልትስቅ ቃጣትና ተወችው። «እኛ ነን።»

«እንግዲህ ለማንም ላትሰጡት ነው ያወጣችሁት።»

«እንደዚያ አይደለም። ይሞላዋል ብሎ ያሰበ ሰው ነው ያልነበረው።»

«ይኸው ሞልቶ አያችሁ። አሁንስ አላሰባችሁበትም?»

መነጽሯን መልሳ አደረገችና «አሁንማ አስበንበታል፣ እማማ። ሁለተኛ ማንም እንዳይሞላው ደንቡን ቀይረነዋል» አለችኝ።